ሰው ያለው መቶ አለቃ

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ በእግረኛ መንገድ ላይ ከተዘረጉት የ‹‹ስኬት ምስጢር›› መጻሕፍት አንዱን አንስታችሁ ገለጥ ገለጥ አድርጉ። ብዙም ሳትሄዱ ሲጋሩን የነከሰ ወፍራም እንግሊዛዊ ይደቀንባችኋል። ዊንስተን ቸርችል! ስድስተኛ ክፍል የወደቀው ቸርችል፣ ለወታደር ቤት ሦስት ጊዜ ተፈትኖ በመከራ ያለፈው ቸርችል፣ ሸምግሎ ተማሪዎች ፊት ሲቆም ‹‹ተስፋ አትቁረጡ›› ብሎ ብቻ ወርዶ የተቀመጠው ቸርችል። አዳራሽ ተከራይተው ወጣቱን ‹‹የሚያነቃቁት›› አሰልጣኞችም ይህንኑ ይደግሙታል። ሰውየው ከምንም ተነሥቶ ዓለምን የመራው በፈቃዱ ብርታት ነው፤ አንተስ ምን ያንስሃል? ጭብጨባው ይቀልጣል። የመግቢያው ብር ግን አይመለስም።

እኛን ይህ ታሪክ ሰልችቶናል። ስለተደጋገመ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብለን ባለፍነው። ክፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ጫማውን የጨረሰ ተመራቂ ይህን ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ አምኖ ይገባል። ‹‹የፈቃድ ብርታት አነሰኝ›› ብሎ ይተኛል። በማግስቱ ደግሞ ሲቪውን ይዞ የሄደበት ቢሮ ጥበቃ ገና ከበሩ ላይ የሚጠይቀው ስለ ፈቃድ ብርታቱ አይደለም። ‹‹እዚህ ሰው አለህ?›› ነው የሚለው።

እስቲ እንግዲህ ይኸው ጥያቄ ለቸርችል ይቅረብለት። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳይሆን ለሃያ ሦስት ዓመቱ የቅኝ ግዛት መኮንን። ገቢና ወጪውን፣ የጦር ሜዳ ጥማቱን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ‹‹ሰዎቹን›› እንይ። (ካልገለጽን በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ተረቱን እናራግፍ። ቸርችል ስድስተኛ ክፍል አልወደቀም። ሃሮው በሚባለው የባለጸጎች ትምህርት ቤት ዝቅተኛው ክፍል ገባ፣ በላቲን ደካማ ነበር፣ በእንግሊዝኛና በታሪክ ጎበዝ ነበር፤ ይኸው ነው። በዚያው ትምህርት ቤት ኦክቶበር 29 ቀን 1941 ያደረገው ንግግርም እንደማንኛውም ንግግር መግቢያም መሐልም መጨረሻም የነበረው ነው፤ ሦስት ቃል ተናግሮ ተቀመጠ የሚለውን ሰባኪዎቹ ናቸው የፈጠሩት። የሦስት ጊዜው ፈተና ግን እውነት ነው። ሁለቴ ወድቆ፣ ለዚሁ ፈተና የሚያዘጋጅ የግል አስጠኚ ዘንድ ተልኮ፣ በ1893 ሳንድኸርስት የመኮንኖች ትምህርት ቤት ገባ። ያገኘው ነጥብ ለእግረኛ ጦር አልበቃም። ለፈረሰኛ ጦር ግን በቃ።

ፈረሰኛ ጦር ዝቅ ያለ ነጥብ የሚቀበለው ለምን ይመስላችኋል? ውድ ስለሆነ ነው። ፈረስ በራስ፣ የደንብ ልብስ በራስ፣ የመኮንኖች ክበብ ድግስ በራስ። ኪሱ የሳሳ ቤተሰብ ልጁን ወደዚያ ስለማይልክ ተወዳዳሪው ጥቂት ነው። አባቱ ሎርድ ራንዶልፍ ቸርችል በ1886 የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው፤ ልጁ ማለፉን ሲሰማ ደስ ከመሰኘት ይልቅ ተናደደ። ፈረሰኛ መሆን በዓመት 200 ፓውንድ ተጨማሪ ወጪ ማለት ነበርና። እንግዲህ ‹‹ወድቆ የተነሣው›› ጀግና የተነሣው በዚህ መሰላል ነው፤ መሰላሉ ዋጋ አለው፣ የሚከፍለው ደግሞ አባት ነው።

አባት ግን ብዙም አልቆየም። ጃንዋሪ 1895 ሞተ፤ ከተወው ሀብት አብዛኛው የሮትሽልድ ባንክ ዕዳ መክፈያ ሆነ። በሚቀጥለው ወር ልጁ በአራተኛው ሁሳር ፈረሰኛ ሬጅመንት ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ተሾመ። የሬጅመንቱ አዛዥ ኮሎኔል ብራባዘን የቤተሰቡ ወዳጅ ነበር። አንድ በሉ! ጣታችሁ እንዳያልቅ ግን ከአሁኑ ጠንቀቅ ነው፤ ቆጠራው ገና ነው።

በ1896 መገባደጃ ሬጅመንቱ ወደ ሕንድ፣ ባንጋሎር ተላከ። እዚያ ደመወዙ በቀን 14 ሺሊንግ ሲሆን ለፈረሶቹ ደግሞ ትንሽ አበል ነበረው። ከእናቱ በዓመት 500 ፓውንድ ይላክለታል፤ ይህ ብቻውን ከደመወዙ እጥፍ ገደማ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር፣ ከሬጂናልድ ባርንስና ከባንከኞቹ የባሪንግ ቤተሰብ ልጅ ከሁጎ ባሪንግ ጋር፣ ጽጌረዳ የከበበው ቪላ ተከራየ። ምግብ የሚያቀርብ፣ ልብስ የሚያለብስ፣ ፈረስ የሚጠብቅ፣ አትክልት የሚያጠጣ፣ ውኃ የሚቀዳ አሽከር ሞልቷል። ጠዋት ጥቂት ሰዓት ልምምድ፣ ማምሻውን ፖሎ። መሐል ላይ ያለውን ሰዓት በማንበብ አሳለፈው፤ የጊቦንና የማኮሌይን ጥራዞች እናቱ ከለንደን ትልክለታለች። ይህን አንክድም፤ ያነበበው የእውነት ነው። ሌሎቹ መኮንኖች በዚያ ሰዓት ተኝተው ነበር።

ገንዘቡ ግን አልበቃም። የፖሎ ፈረስ ውድ ነው። ስለዚህ የባንጋሎር አራጣ አበዳሪዎች ዘንድ ሄደ። ወለዱ በወር 2 በመቶ ነው፤ አንዲት ወረቀት መፈረም ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሽማግሌ ሆኖ ስለዚህ ዘመኑ ሲጽፍ አበዳሪዎቹ ሥጋቸው የሞላ፣ ደስ የሚሉ ሰዎች እንደነበሩና ገንዘባቸው የሚቀርባቸው እምብዛም እንዳልሆነ እየሣቀ ያስታውሳል። ለምን ይቀርባቸዋል? ተበዳሪው የማርልቦሮ መስፍን የልጅ ልጅ ነው!

እናቱ ጄኒ ጄሮም የኒው ዮርክ ከበርቴ ልጅ ናት፤ እጇ የማይያዝ ሴት። በ1898 መጀመሪያ የተበታተነ ዕዳዋን ለመጠቅለል 17,000 ፓውንድ ልትበደር ተነሣችና ልጇን ዋስ አድርጋ አስፈረመችው። በዚያን ጊዜ የጻፈላት ደብዳቤ ታሪክ ሆኖ ቀርቷል። አንቺም እኔም አባካኞች ነን ይላታል። አንቺ ለአንድ የጭፈራ ቀሚስ 200 ፓውንድ ስታወጪ ለእኔ እብደት ይመስለኛል፣ እኔ የፖሎ ፈረስ በ100 ፓውንድ ስገዛ ለአንቺ እብደት ይመስልሻል፤ ሆኖም ቀሚሱም ለአንቺ ፈረሱም ለእኔ ይገባናል። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? የነገሩ መጨናነቅ ሁሉ እጅግ ድሆች በመሆናችን ነው!

ድሆች! ይህን በሚጽፍበት አገር በ1896 እና በ1897 በገባው ረሃብ ሚሊዮኖች ተርበው፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አልቀው ነበር። ቦምቤይን ደግሞ ወረርሽኝ ይዟት ነበር። እኛ እዚህ አገር ‹‹ደሃ ነኝ›› የሚል ሰው ሞልቶናል፣ የዚህን ዓይነቱን ደሃ ግን አይተንም ሰምተንም አናውቅም።

እንግዲህ የወጣቱ ችግር ግልጽ ነው። የልቡ መሻት ፓርላማ ነው፤ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ግን እስከ 1911 ድረስ ደመወዝ አልነበረውም። ለመመረጥ ስም ያስፈልጋል፣ ተመርጦ ለመኖር ገንዘብ ያስፈልጋል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ገበያ አንድ ብቻ ነበር፤ የቅኝ ግዛት ጦርነት። ሜዳሊያው ስም ይሆናል፣ ለጋዜጣ የሚላከው ዘገባ ገንዘብ ይሆናል። ቸርችል ይህን ስሌት አልደበቀም፤ ለእናቱ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ደጋግሞ አፍረጥርጦታል። የጎደለው ጦርነቱ ነበር። ጦርነት ደግሞ እንደ ሥራ ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፤ ሰው ይፈልጋል።

የመጀመሪያውን የሙከራ ጉዞ በ1895 ወደ ኩባ አደረገ። የአባቱ ወዳጅ ሰር ሄንሪ ድረመንድ ዎልፍ ማድሪድ ላይ የእንግሊዝ አምባሳደር ነበርና የስፔን ጦር እንግዳ አድርጎ እንዲቀበለው አመቻቸለት። ዴይሊ ግራፊክ የተባለው ጋዜጣ ለአምስት ደብዳቤ 25 ጊኒ ከፈለው። ሃያ አንደኛ ዓመቱን እዚያ ጥይት ሲያፏጭ እየሰማ አከበረ።

ቀጥሎ በሕንድ ሰሜን ምዕራብ ድንበር ያለው ማላካንድ መጣ። በ1896 በሟች አጎቱ ሚስት ቤት በእንግድነት ሳለ ጄኔራል ሰር ቢንደን ብለድን አግኝቶ ‹‹ሌላ ዘመቻ ብትመራ ትወስደኛለህ›› ብሎ ቃል አስገብቶት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝ አገር በእረፍት ላይ እያለ፣ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የፓሽቱን ጎሣዎች ተነሡ፣ የሚወጋቸውም ብለድ ነው የሚል ዜና አነበበ። ወዲያው ቴሌግራም፣ ወዲያው መርከብ። ብለድ የሹመት ቦታ እንደሌለ፣ በጋዜጠኛነት ግን መምጣት እንደሚችል፣ ክፍተት ሲገኝም እንደሚያስገባው መለሰለት። እናት ለንደን ላይ ሮጣ ከዴይሊ ቴሌግራፍ ጋር በአንድ ዓምድ 5 ፓውንድ ተዋዋለች። ልጁ 10 ጠብቆ ነበርና አኮረፈ።

‹‹ክፍተት›› የሚለው ቃል እዚህ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። የሚከፈተው መኮንን ሲሞት ነው። ቸርችል ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር አምስት ቀን ተጉዞ ሲደርስ፣ በቀደመው ሳምንት የተገደሉ መኮንኖች ዕቃ በጨረታ ይሸጥ ነበር። የሚያስፈልገውን ከዚያ ገዛ። ብዙም ሳይቆይ ክፍተቱም ተገኘ።

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1897 በማሙንድ ሸለቆ በተደረገው ውጊያ ሌላው ሁሉ መሬት ላይ ተኝቶ ሲተኩስ እርሱ ግራጫ ፈረሱን ከፊት መስመሩ ላይ ወዲያና ወዲህ አስጋለበ። ስንፍና ሊሆን ይችላል ብሎ ጽፎላታል ለእናቱ፣ ነገር ግን የምጫወተው በትልቅ መደብ ነው፤ ተመልካች እስካለ ድረስ የማልደፍረው ነገር የለም። ጀግንነቱን ማንም አይነፍገውም። እኛን የቆረቆረን ‹‹ተመልካች›› የሚለው ቃል ነው። መድረኩ የማን ግቢ ነበር? ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ጦሩ ከመንደር መንደር እየተዘዋወረ ቤቱን አፈረሰ፣ የውኃ ጉድጓዱን ደፈነ፣ ጥላ የሚሰጠውን ዛፍ ቆረጠ፣ እህሉን አቃጠለ፣ የውኃ ማጠራቀሚያውን ናደ። ይህን የምናውቀው ከጠላቶቹ አይደለም፤ ቸርችል ራሱ ምንም ሳይሸሽግ ጽፎታል። የዚያ ሸለቆ ሰዎች ለአንድ የለንደን ወጣት የፓርላማ መቀመጫ ክረምቱን ያለ ጎተራ አሳለፉ ብንል አጋነንን?

ወደ እኛ ሰፈር የሚመጣው አሁን ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. (ማርች 1 ቀን 1896) ጣልያን አድዋ ላይ ተደመሰሰ። አሥራ ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላ የእንግሊዝ መንግሥት የግብጽ ጦር በናይል ሽቅብ ወደ ዶንጎላ እንዲዘምት ወሰነ። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ከሰላ ላይ በደርቡሾች ለተከበበው ለጣልያን ጦር እፎይታ መስጠት ነበር። የሱዳን ወረራ የተጀመረው እንዲህ ነው። ደርቡሽ ለእኛ ወዳጅ አልነበረም፤ ጎንደርን ያቃጠለ፣ አፄ ዮሐንስን መተማ ላይ የገደለ ኃይል ነው። ያም ሆኖ ዘመቻው ለደርቡሽ ግፍ የተከፈለ ብድር አልነበረም፤ ማን ናይልን ይዞ ይቀመጥ የሚል የነጮች ሂሳብ ነው። ይህንንም አፄ ምኒልክ በጊዜው ሳይረዱት አልቀሩም፤ ከአድዋ በኋላ ከኸሊፋው ጋር የወዳጅነት መልእክት የተለዋወጡት በዋዛ አይደለም።

ቸርችል በ1898 ይህ ዘመቻ ሊያመልጠው ነው ብሎ እንቅልፍ አጣ። የጦሩ አዛዥ ኪችነር ግን አልፈልገውም አለ። ሜዳሊያ አዳኝ ነው፣ ቦታውን ውትድርና እንጀራው ለሆነ ሰው እሰጣለሁ አለ። (ኪችነርን የምናመሰግንበት ብቸኛ ቦታ ይህ ሳይሆን አይቀርም!) እናቱ ጻፈችለት፤ አልሆነም። ስለ ማላካንድ የጻፈው መጽሐፍ ወጥቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሳልስበሪ አንብቦ ወዶት ነበርና ቢሮው አስጠርቶ አነጋገረው፤ ምን ላድርግልህ አለው። ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ለኪችነር ቴሌግራም ሄደ፤ አሁንም አልሆነም! እዚህ ላይ እኛ ብንሆን ‹‹ዕድሌ ነው›› ብለን እንተወዋለን። እርሱ ግን አንዲት ሌዲ ጁን የሚሏት የቤተሰብ ወዳጅ ነበረችው፤ እርሷ ደግሞ የጦር ሚኒስቴሩን ሹም ሰር ኢቭሊን ውድን በቅርብ ታውቀዋለች። ውድ ደግሞ ኪችነር የሚያዘው በግብጽ ጦር ላይ ነው እንጂ የእንግሊዝ ሬጅመንት ውስጥ ማን እንደሚገባ የሚወስነው ለንደን ነው ብሎ የሚሟገት ሰው ነበር። በቀናት ውስጥ ደብዳቤው ወጣ። ከ21ኛው ላንሰር ሬጅመንት አንድ ወጣት መኮንን ሞቶ ስለነበር ቸርችል ተጨማሪ መቶ አለቃ ሆኖ እንዲሄድ ተፈቀደ፤ ወጪውን ራሱ ይሸፍናል፣ ቢሞት ወይም ቢቆስል ከጦሩ ካዝና አንድ ሳንቲም አይወጣም።

አያችሁ ውሉን? በነፃ ለመዋጋት የሚችለው ኪሱ የሚችል ነው። ወጪውን ለመሸፈን ደግሞ ጓደኛው ኦሊቨር ቦርትዊክ ነበረለት፤ የሞርኒንግ ፖስት ጋዜጣ ባለቤት ልጅ። በአንድ ዓምድ 15 ፓውንድ ተስማሙ። ሂሳብ የምትወዱ አስሉት፤ በባንጋሎር ደመወዝ የሃያ አንድ ቀን ሥራ ማለት ነው። ኪችነር የሚጽፉ መኮንኖችን ስለማይወድ ደብዳቤዎቹ አንድ መኮንን ለጓደኛው በግል እንደጻፋቸው ተመስለው ይታተሙ ነበር። የግብዝነቱን አማርኛ እናንተው ፈልጉለት።

ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 ኦምዱርማን። በአንድ ወገን ወደ 26,000 የሚጠጋ የእንግሊዝና የግብጽ ጦር፣ በየብስና በጀልባ የተጠመዱ ከ40 በላይ ማክሲም መትረየሶች፣ መድፎች። በሌላው ወገን ወደ 50,000 የሚገመት የኸሊፋው ሠራዊት፣ አብዛኛው ጦርና ጎራዴ የያዘ። እስከ ቀትር ከኸሊፋው ወገን 10,000 ያህል ሰው ሞተ። ከኪችነር ወገን 48። ጦርነት ብለን የምንጠራው ሌላ ቃል ስላጣንለት ነው።

21ኛው ላንሰር በዚያ ዕለት ያደረገው የፈረስ ግልቢያ ብቻ ትንሽ ውጊያ ይመስላል። ወደ 400 የሚጠጉ ፈረሰኞች በቦይ ውስጥ የተሸሸገ ሰው መሐል ዘለው ገቡ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ 21 ሞቱ፣ 50 ቆሰሉ፣ 119 ፈረሶች ወደቁ። ቸርችል ትከሻው ቀድሞ ወልቆ ስለነበር ሰይፉን ትቶ ለንደን ላይ በገዛው ማውዘር ሽጉጥ ተዋጋና ሳይጫር ወጣ። ለእርሱ ተይዛ የነበረችውን የፈረሰኛ ጓድ ደርሶ ስላልተረከባት ለሮበርት ግሬንፌል ለሚባል ወጣት መኮንን ተሰጥታ ነበር። ግሬንፌል እዚያው ቦይ ውስጥ ተገደለ።

ለሰውየው የሚገባውን እንስጠው። ስለዚሁ ዘመቻ በ1899 ባሳተመው ባለሁለት ጥራዝ መጽሐፍ የኪችነር ጦር የቆሰለ ጠላት መግደሉን፣ የመሐዲን መቃብር ማፍረሱንና አስከሬኑን ማዋረዱን አውግዟል። ያኔ ይህን ለመጻፍ ወኔ ያስፈልግ ነበር። በ1902 ግን መጽሐፉ አጥሮ በአንድ ጥራዝ ሲታተም በኪችነር ላይ የተሰነዘሩት ሹል ሹል ነቀፋዎች ወጥተዋል። በዚያ ዓመት ደራሲው የፓርላማ አባል፣ ኪችነር ደግሞ የአገሩ ጀግና ነበሩ። እንደ አጋጣሚ!

ቀሪውን ቶሎ እንለፈው። በ1899 ጦሩን ለቀቀ፤ ለምርጫ ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ የቦር ጦርነት ሲነሣ ሞርኒንግ ፖስት በወር 250 ፓውንድ ቀጠረው፣ ወደ 60 ጠርሙስ ወይንና ውስኪ ጭኖ ሄደ፤ ተማረከ፣ አመለጠ፣ ስሙ ዓለምን ዞረ፤ በ1900 ፓርላማ ገባ። ከዚያ በእንግሊዝና በአሜሪካ እየዞረ ስለ ጀብዱው ንግግር ሸጠ። በጃንዋሪ 1901 ከካናዳ ለእናቱ ሲጽፍ በሁለት ዓመት ውስጥ 10,000 ፓውንድ ማግኘቱን ነግሯት፣ በዚህ ዕድሜ ያለ አንዳች ካፒታል ይህን ማድረግ የሚችል ከሚሊዮን አንድ ሰው አይገኝም ብሎ ኮራ።

ያለ አንዳች ካፒታል! ብራባዘን፣ ድረመንድ ዎልፍ፣ ብለድ፣ ሳልስበሪ፣ ሌዲ ጁን፣ ኢቭሊን ውድ፣ ቦርትዊክ፤ ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ካፒታል አለ? የመንገድ ዳር መጻሕፍቶቻችን የቀዱት ይህቺን ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያውም እርሱ ለእናቱ ሲያወራ ያላትን። የሚገርመው ቸርችል ራሱ ከአድናቂዎቹ ይልቅ ሐቀኛ መሆኑ ነው። በ1898 በጻፈው ሌላ ደብዳቤ ዘመኑ የመገፋፋት ዘመን ስለሆነ ከሚገፋው ጋር እኩል መግፋት አለብን ብሏታል። እናትየው የገፋችበትን በር ሁሉ ያውቅ ነበር። ያላወቁት አሰልጣኞቻችን ናቸው።

10,000ውን ፓውንድ ምን አደረገው? ለሰር ኧርነስት ካስል ሰጠው። ካስል ማለት ከኮሎኝ ከተማ በልጅነቱ ባዶ እጁን መጥቶ የለንደን ገናና ባንከኛ የሆነ፣ የአባቱ ወዳጅ፣ የንጉሥ ኤድዋርድም የቅርብ ሰው ነው። (ባዶ እጁን የመጣ ሰው ታሪክ የሚፈልጉ አሰልጣኞች ይህን ለምን እንደዘለሉት አልገባንም።) የወዳጁን ልጅ ገንዘብ ተቀብሎ ሥራ ላይ እያዋለ አበዛለት፤ ኋላም የመጻሕፍት ክፍሉን ዕቃ አሟላለት፣ በ1908 ሲያገባ 500 ፓውንድ ስጦታ ሰጠው። በ1902 መጨረሻ ደግሞ የአስዋን ግድብ ሲመረቅ ወደ ግብጽ ይዞት ሄደ። ግድቡን በገንዘብ የደገፈው ካስል ነውና። ወጣቱ ኦምዱርማን ላይ የተኮሰበት ወንዝ ከአራት ዓመት በኋላ የወዳጁ ወለድ የሚቆጠርበት ወንዝ ሆነ።

ይህ ሩቅ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ካስል ከሸሪኮቹ ጋር በ1898፣ በዚያው በኦምዱርማን ዓመት፣ የግብጽ ብሔራዊ ባንክን አቋቋመ። በ1905 ከአፄ ምኒልክ ጋር ተዋውሎ በ500,000 ፓውንድ ካፒታልና በ50 ዓመት ብቸኛ መብት የአቢሲኒያ ባንክን አዲስ አበባ ላይ የከፈተው ይኸው ባንክ ነው። (ዛሬ ካለው የግል ባንክ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው።) የቸርችል ‹‹ሰው›› እጅ የመጀመሪያው ባንካችን ድረስ ይረዝማል። ስሙን ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር በሚወርደው ጎዳና ላይ የሰጠነው በ1941 ነፃነታችን ሲመለስ መንግሥቱ ላደረገው እርዳታ ነው፤ እሺ፣ ይሁን። በ1927 ሮም ድረስ ሄዶ ሙሶሊኒን ማሞገሱን ግን ጎዳናው ላይ የጻፈልን የለም። እርሱ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ይህን ስንል ከወዳጆቻችን አንዳንዶቹ ይቆጡናል። ዘመድ የነበረው መኮንን ሁሉ ቸርችል ሆነ ወይ? ይሉናል። አልሆነም። ጎበዝ ነበር፣ ደፋር ነበር፣ ብዕሩ የተባረከ ነበር፣ እንደ በሬ ይሠራ ነበር። በሩ ሲከፈትለት የሚገባበት እግር ነበረው። እኛ የምንለው ስለ በሩ ነው። በሩን ከታሪኩ ላይ ቆርጦ አውጥቶ እግሩን ብቻ መስበክ በር ለተዘጋበት ወጣት ስድብ ነው። ‹‹ሰው›› ፈልገህ አጥተህ አምስት ዓመት ስትቀመጥ፣ ሰው ያለው የክፍል ጓደኛህ ወንበሩ ላይ ሆኖ ስለ ትጋት ይመክርሃል። ምክሩን ደግሞ በቸርችል ያስጌጠዋል። ሙዱ ያበሳጫል።

የፈቃድ ብርታት ከተባለ በዚያው ቦይ ውስጥ አንድ ሌላ ሰው ነበር። ቶማስ በርን ይባላል፤ የደብሊን ልጅ፣ የ21ኛው ላንሰር ተራ ወታደር። ክንዱን በጥይት ተመትቶ ጦሩ ከእጁ ወድቆበት ሳለ መቶ አለቃ ሞሊኑ ከፈረሱ ወድቆ ሲከበብ አየ። ፈረሱን መልሶ ብቻውን ወደ ከባቢዎቹ ገባ፣ ደረቱ ላይ በጦር ተወጋ፣ መኮንኑ ግን አመለጠ። ቸርችልም ድርጊቱን ከዕለቱ ጀግንነት ሁሉ አስበልጦ አድንቆታል፤ ለቆሰለው ሞሊኑም ከገዛ ክንዱ ቆዳ አስገፍፎ ሰጥቷል። በርን የአገሩን ትልቁን የጀግና ሜዳሊያ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን ተሸለመ። ለተራ ወታደር ሜዳሊያው በዓመት 10 ፓውንድ አበል ነበረው፤ ከሞርኒንግ ፖስት አንድ ዓምድ በ5 ፓውንድ ያነሰ። ለንደን ላይ የምትጽፍለት እናት፣ ጋዜጣ ያለው ጓደኛ፣ ገንዘቡን የሚያበዛለት ባንከኛ አልነበረውም። በ1944 ካንተርበሪ ውስጥ ሞተ፤ በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቸርችል ነበር።